የዓመት መጽሐፍና ኮምፒዩተር በሚኒሶታ ትምህርት ቤቶች

ዲሴምበር 3 ቀን 1971 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ የስምንተኛ ክፍል የታሪክ ተማሪዎች ወደ ክፍላቸው ሲገቡ አንድ እንግዳ መሣሪያ ጠበቃቸው። መሣሪያው የጽሕፈት መኪና ይመስላል፤ ነገር ግን በስልክ መስመር አማካይነት ርቆ ከሚገኝ ኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ቴሌታይፕ ነበር። ስክሪን የለውም። ተማሪው የጻፈውንም ሆነ ኮምፒዩተሩ የመለሰውን በጥቅል ወረቀት ላይ እያንኳኳ ያትማል። ልጆቹ በየቡድናቸው ተከፋፍለው በዙሪያው ተኮለኮሉ፤ አንዱ ካርታ ያያል፣ አንዱ የስንቁን ሒሳብ ይይዛል፣ ጣቱ የፈጠነው ደግሞ ይጽፋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደወል ሳይደወል በር ላይ የሚሰለፉ ተማሪዎች መታየት ጀመሩ።

መሣሪያውን ያስመጣው ዶን ራዊች በኖርዝፊልድ የካርልተን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሲሆን፣ በጆርዳን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ላይ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰፋሪዎች በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ከሚዙሪ ተነሥተው 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጠው ኦሪገን የገቡበትን ጉዞ ለልጆቹ ለማስረዳት፣ መጀመሪያ ያሰበው በትልቅ ወረቀት ላይ የተሣለ የካርታ ጨዋታ ነበር። አብረውት በአንድ ቤት የሚኖሩት ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር የሒሳብ ዕጩ መምህራን ነበሩና ነገሩ ለኮምፒዩተር የሚመች መሆኑን አዩ። በሚያስተምሩበት ሌላ ትምህርት ቤት፣ ቀድሞ የጽዳት ሠራተኛ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሁለት ሳምንት ጻፉት። በኋላ በመላው ዓለም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች የተጫወቱት «ኦሪገን ትሬይል» የተወለደው እንዲህ ነው።

ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ራዊች ልምምዱን ሲፈጽም ፕሮግራሙን ከኮምፒዩተሩ አጠፋው። የሰው ማሽን ላይ ቦታ ይዞ መቆየት አይቻልም ነበር። ከማጥፋቱ በፊት ግን ሙሉውን ትእዛዝ በቴሌታይፑ አሳትሞ ጥቅሉን ይዞ ወጣ። በ1973 የሚኒሶታ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሜክ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውን የግዛቱን የትምህርት ኮምፒዩተር ኅብረት አቋቋመ፤ በ1974 ራዊች እዚያ ሲቀጠር ያንን ወረቀት ዘርግቶ መስመር በመስመር እንደገና በጣቱ እየመታ አስገባው። የተጓዦችን ማስታወሻዎች አገላብጦም የበሽታውንና የአደጋውን መጠን አስተካከለ። ኮምፒዩተሩ የረሳውን ወረቀቱ አስታወሰው ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ጨዋታ ታሪክ ነው። በትምህርት ቤቶች ተመራጭ ትምህርት በኩል ሲታይ ግን ሌላ መልክ ይኖረዋል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ኮምፒዩተርና የወረቀት መዝገብ በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በአንድ ክፍል፣ አንዳንዴም በአንድ መምህር እጅ ተገናኝተዋልና። ክፍሉ የዓመት መጽሐፍ ክፍል ይባላል።

በአሮጌው የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ያለፈ አንባቢ «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» የሚለውን ስያሜ አይዘነጋውም፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ነበር። በአሜሪካ ተመሳሳዩ እርከን የመጣው በ1909 በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ በተከፈተው ኢንዲያኖላ ትምህርት ቤት እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ይጠቀሳል። ከ1963 ወዲህ፣ ዊልያም አሌክሳንደር የተባሉ የትምህርት ምሁር በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ካደረጉት ንግግር በኋላ፣ «መካከለኛ ትምህርት ቤት» የሚለው ስያሜና አሠራር እየተስፋፋ ሄደ። የአሠራሩ አንድ ምሰሶ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ዓመት ያለ ልጅ ሙያውን ገና አያውቅምና ብዙ ነገር ይቅመስ የሚል ነበር። ስለዚህም ከሒሳብና ከቋንቋ ጎን የእንጨት ሥራ፣ ስፌትና ማዕድ ቤት፣ ሙዚቃ፣ የጽሕፈት መኪና የመሳሰሉት ተመራጭ ትምህርቶች ተሰለፉ። ወላጅ ውጤት ሲጠይቅ ስለ እነዚህ አይጠይቅም፤ በጀት ሲጠብም መጀመሪያ የሚታጠፉት እነዚሁ ናቸው። ኮምፒዩተር ወደ ትምህርት ቤት የገባው በአብዛኛው በዚሁ በጎን በር ነው፤ የጽሕፈት መኪናው ክፍል ቀስ በቀስ የኮምፒዩተር ክፍል ሆነ። መምህሩም ያው፣ የጣት አቀማመጡም ያው።

የዓመት መጽሐፍ ከኮምፒዩተር ይልቅ እጅግ ይቀድማል። ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ መነሻ ተብሎ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የየል ኮሌጅ ተመራቂዎች በ1806 ያዘጋጁት ነው፤ ፎቶግራፍ ገና አልተፈለሰፈምና የተማሪዎቹ ገጽታ በጥቁር ወረቀት ተቆርጦ ተለጠፈ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጆርጅ ዋረን የተባለ የቦስተን አካባቢ ፎቶግራፍ አንሺ ከአንድ ነጋቲቭ ብዙ ቅጂ እያተመ ለኮሌጅ ተማሪዎች መሸጥ ጀመረ፤ ተማሪዎቹም እየተለዋወጡ በአልበም ያስጠርዙ ነበር። ከዚያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከሁለተኛ ደረጃም ወደ መለስተኛው ወረደ።

ሚኒሶታ በዚህም ረገድ ድርሻ አላት። ኦቶ ጆስተን የተባለ ሰው በ1897 ከሚኒያፖሊስ በስተ ደቡብ በምትገኘው ኦዋቶና ከተማ የሰዓትና የጌጣጌጥ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ለትምህርት ቤቶች ሜዳልያና የምረቃ ቀለበት ወደ መሥራት ተሻገረ፤ በ1950 ደግሞ ወደ ዓመት መጽሐፍ ኅትመት ገባ፤ ዛሬም ጆስተንስ በሚል ስም በዚሁ ንግድ ከሚታወቁት ግንባር ቀደም ነው። እንግዲህ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተርን በመንግሥት ደረጃ ቀድማ ያደራጀችው ግዛት፣ የትምህርት ቤት ትዝታን በመጽሐፍ የሚያትመው ንግድ ካደገባቸው ስፍራዎችም አንዷ ነበረች። ሁለቱ ግን ለረጅም ጊዜ አልተገናኙም።

ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት የዓመት መጽሐፍ ክፍል ሥራ የሠዓሊና የሒሳብ ሹም ሥራ ድብልቅ ነበር። መጽሐፉ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ነው፤ አንዱ ወረቀት ታጥፎ ሲቆረጥ 16 ገጽ ይወጣዋል፣ ስምንቱ በአንድ ፊት፣ ስምንቱ በሌላው። ቀለም ውድ ስለነበረ ብዙ ትምህርት ቤት ባለቀለም ፎቶ የሚገዛው ለአንዱ ፊት ብቻ ነበር፤ ስለዚህ የትኞቹ ገጾች በየትኛው ፊት እንደሚውሉ ገና በመስከረም መታወቅ ነበረበት። ለእያንዳንዱ ጥንድ ገጽ ከማተሚያ ቤቱ የሚላክ አራት ማዕዘን የተሰመረበት ወረቀት አለ፤ ልጆቹ የፎቶውንና የጽሑፉን ቦታ በእርሳስና በማስመሪያ ያሰፍሩበታል። ፎቶው ራሱ በትምህርት ቤቱ ጨለማ ክፍል ይታጠባል፤ የሚቆረጠው ጫፍ በቅባት እርሳስ ይመለከታል፤ በጀርባው ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ የተሳሳተ እንደሆነ የመረብ ኳስ ቡድን ፎቶ በመዘምራን ስም ታትሞ ይመጣል። ርእስ የሚጽፍ ልጅ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ከተመደበለት ስፋት እንዳያልፍ ይጠነቀቃል። ይህ ሁሉ ተጠናቅሮ በፖስታ ይላካል፤ ከሳምንታት በኋላ የእርማት ቅጂ ይመለሳል፤ እርማት በበዛ ቁጥር ክፍያውም ይበዛል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀኑ ነበር። መጽሐፉ በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ፣ በሜይ ወይም በጁን መድረስ አለበት፤ ልጆች እርስ በርስ የሚፈራረሙበት ያን ጊዜ ነውና። ለዚያ እንዲደርስ የመጨረሻው ገጽ በማርች አካባቢ ለማተሚያ ቤቱ መሰጠት ይኖርበታል። ከማርች በኋላ የሆነ ነገር፣ የፀደይ ስፖርት ይሁን የዓመቱ መዝጊያ ትያትር፣ ወይ በተጨማሪ ወረቀት ይታተማል ወይ አይገባም። የእያንዳንዱ ተማሪ ፎቶ የሚነሣው ደግሞ በመኸር፣ ትምህርት በተከፈተ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ለቀሩት አንድ ተጨማሪ ቀን ይሰጣል። ስለዚህ የአንድ ዓመት መጽሐፍ የሚባለው በርግጥ የስድስት ወር መጽሐፍ ነው። ይህ ነጥብ በኋላ ይመለሳል።

ሜክ በ1978 አፕል ሁለት የተባለውን ኮምፒዩተር መርጦ 500 ያህል ሲገዛ፣ ማሽኑ ከሩቅ በስልክ የሚገኝ መሆኑ ቀርቶ በክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ልጆቹ የተማሩት ቤዚክና ሲይሞር ፓፐርት ከባልደረቦቹ ጋር የፈጠረውን ሎጎ ነበር። ትምህርቱ መልካም ቢሆንም አንድ ጉድለት ነበረው፤ የሚሠራው ሥራ ለማንም አያስፈልግም ነበር። ተማሪው በስክሪኑ ላይ ክብ ይሥላል፣ ደወል ይደወላል፣ ክቡ ይጠፋል። በ1984 ስፕሪንግቦርድ የተባለ የሚኒያፖሊስ ድርጅት «ዘ ኒውስሩም» የተባለ ፕሮግራም አወጣ፤ ልጆች ጽሑፍና ሥዕል አቀናብረው ትንሽ ጋዜጣ እንዲያትሙ የተሠራ ነው። የኅትመቱ ጥራት ዛሬ ቢታይ ያስቃል። ቢሆንም የልጁ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍሉ ወጥቶ በሌላ ሰው እጅ ላይ ዋለ።

በዚያው ዓመት ማኪንቶሽ ወጣ፤ በ1985 አፕል የሌዘር ማተሚያውን፣ በሲያትል የሚገኘው የፖል ብሬነርድ ድርጅት አልደስ ደግሞ ፔጅሜከርን አቀረቡ። የገጽ ቅንብር ከማተሚያ ቤት ወደ ጠረጴዛ የወረደው ያን ጊዜ ነው። የዓመት መጽሐፍ አሳታሚዎች በመጀመሪያ አመነቱ፤ የሚኖሩት በቅንብር ክፍያም ነበርና። በ1990ዎቹ ግን ራሳቸው ለፔጅሜከር የተዘጋጁ የገጽ ንድፎችን በዲስክ ለትምህርት ቤቶች ማደል ጀመሩ። አራት ማዕዘን የተሰመረበት ወረቀት ወደ መሳቢያ ገባ፣ ጨለማ ክፍሉም ቀስ በቀስ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። የራዊች ጓደኞች ፕሮግራማቸውን የጻፉት ዕቃ ማስቀመጫ በነበረ ክፍል ውስጥ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል።

ብዙ መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ሁለቱን ተመራጭ ትምህርቶች ያቀራረቡት በዚህ ጊዜ ነው። ኮምፒዩተር የሚያስተምረው ሰው የዓመት መጽሐፉም ኃላፊ ሆነ፤ ማሽኖቹ ያሉት እርሱ ዘንድ ነውና። ለኮምፒዩተር ትምህርቱ ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ፋይል በሥርዓት መሰየም፣ ቅጂ ማስቀመጥ፣ የሥራ ክፍፍል፣ ቀን ማክበር፣ የሰውን ስም ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ፣ እነዚህ ሁሉ በመልመጃ ደብተር የማይማሩ ነገሮች ናቸው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሠራው ስሕተት በብዙ ቅጂ ታትሞ በጓደኞቹ ቤት መደርደሪያ ላይ ዕድሜ ልኩን እንደሚቀመጥ ሲያውቅ፣ የሚጠነቀቀው ጥንቃቄ ለፈተና ከሚያደርገው ይበልጣል።

ያም ሆኖ ማሽኖቹ ዕድሜ አልነበራቸውም። ገጾቹ በፍሎፒ ዲስክ፣ ቀጥሎ በዚፕ ዲስክ፣ ከዚያም በሲዲ ተቀመጡ። ፔጅሜከር በ1994 ለአዶቢ ተላለፈ፤ በ1999 ተተኪው ኢንዲዛይን ወጣ፤ የፔጅሜከር የመጨረሻ እትም የ2001 ነው። ሜክ ራሱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የግል ድርጅት ሆኖ በ1996 ሶፍትኪ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ፤ በ1999 ቢሮው ተዘጋ። ከ2000ዎቹ ወዲህ አሳታሚዎቹ ቅንብሩን በኢንተርኔት ወደሚሠራ የራሳቸው ፕሮግራም ስላዞሩት፣ የገጹ ፋይል አሁን በትምህርት ቤቱ ዘንድ ጭራሹን ላይኖር ይችላል። ዛሬ የ1993ን የዓመት መጽሐፍ ማየት የሚሻ ሰው ዲስኩን የሚያነብለት ማሽን ለማግኘት ብዙ ይደክማል። መጽሐፉን ግን ገልጦ ያያል።

በዚሁ ዘመን የትምህርት ቤቶቹ ፊት ተለወጠ። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ ኢትዮጵያውያን፣ ከ1991 የሶማልያ መንግሥት መፍረስ በኋላ ደግሞ ሶማሌዎች ወደ ሚኒሶታ መጡ። ሚኒያፖሊስ በአሜሪካ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ መኖሪያ ሆነች፤ ከኢትዮጵያ የመጡትም፣ በተለይ ኦሮሞዎች፣ በዚያ ብዙ ናቸው። ከአፍሪካ ቀንድ የመጣ ልጅ በዓመት መጽሐፉ ገጽ ላይ ሲሰለፍ የሚገጥመው የመጀመሪያ ነገር የስም ጉዳይ ነው።

የአሜሪካ መጽሐፍ ተማሪዎችን የሚደረድረው በቤተሰብ ስም ፊደል ተራ ነው። ለኢትዮጵያዊም ለሶማሌም የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንጂ። ቅጽ ሲሞላ ግን የመጨረሻው ሣጥን ባዶ አይተውም። ስለዚህ አንዱ ልጅ በአባቱ ስም፣ ታላቅ ወንድሙ በሌላ ጊዜ በሌላ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ በመሆኑ በአያቱ ስም ሊሰለፍ ይችላል፤ የአንድ እናት ልጆች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የማይተዋወቁ መስለው በተለያዩ ገጾች ይታያሉ። አጻጻፉም አንድ ራስ ምታት ነው፤ ፀሐይን በላቲን ፊደል አንዱ በ«ቲ»ና በ«ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምራታል። ስሙን የጻፉት የዓመት መጽሐፉ ልጆች አይደሉም፤ ዝርዝሩ ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ለፎቶ አንሺው፣ ከፎቶ አንሺው ለአሳታሚው ይተላለፋል። አንድ ጊዜ በስደተኛ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ፊደል ሳይነካ እስከ መጽሐፉ ይዘልቃል። ስሙን በግእዝ ፊደል ላስገባ የሚል ልጅ ቢኖርም አይሳካለትም ነበር፤ ፊደሉ በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999፣ በእትም 3.0 ነው፤ ከዚያ በፊት ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ የአማርኛ ፊደሎች ቢኖሩም በትምህርት ቤቱ ማሽን ላይ ያልተጫነ ፊደል እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ነገር ከላይ የተነሣው የቀን ጉዳይ ነው። የስደተኛ ቤተሰብ የሚደርሰው በትምህርት ቤት የቀን መቁጠሪያ አይደለም። በጃንዋሪ የገባ ልጅ የፎቶ ቀን አልፎበታል፤ በኤፕሪል የገባ መጽሐፉ ራሱ አልፎበታል። ለመጀመሪያው ዓይነት ልጅ የአሜሪካ ዓመት መጽሐፎች አንድ የቆየ ዘዴ አላቸው፤ ከፎቶዎቹ መጨረሻ «ፎቶግራፋቸው ያልተነሣ» የሚል አነስተኛ ዝርዝር ይወጣል። እዚያ ውስጥ የታመመ፣ ያኮረፈ፣ ቤተሰቡ ፎቶው እንዲወጣ ያልፈቀደ፣ ገና የመጣም አለ። ዝርዝሩ ምክንያት አይነግርም። የማሽኑ ፍጥነት በዚህ ላይ ብዙ ሊረዳ ይችል ነበር፤ ዲጂታል ካሜራ በክፍሉ ካለ አንድን ልጅ ግድግዳ ዳር አቁሞ ማንሣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ማድረግ አለማድረጉ በፕሮግራሙ ውስጥ አልተጻፈም፤ በክፍሉ መምህርና በገጹ ላይ በተመደቡት ሁለት ልጆች ትጋት የሚወሰን ነው።

የመፈራረሙ ልማድ ግን ለመጡት ልጆች ወላጆች እንግዳ አልነበረም። በኢትዮጵያ ትምህርት ሲዘጋ፣ በተለይ ከመለያየት በፊት፣ «ኦቶግራፍ» የሚባል ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ ጉርድ ፎቶ ይለጠፍበታል፣ የሚወዱት ምግብና ቀለም ይጻፍበታል፣ «አትርሺኝ» «አትርሳኝ» ይባልበታል። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችም ፎቶና የመሰናበቻ ቃል ያለው የምረቃ መጽሔት ያሳትማሉ። ልዩነቱ ማን አዘጋጅቶት ማን ይገኝበታል በሚለው ላይ ነው። በኦቶግራፉ ውስጥ የሚገኘው ደብተሩ የደረሰው ሁሉ ነው፤ በዓመት መጽሐፉ ውስጥ የሚገኘው ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ነው። ኦቶግራፉ ደግሞ አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው፣ ባለቤቱ ሲሰደድ ቤት ይቀራል።

የሄነፒን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት የሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶችን የቆዩ የዓመት መጻሕፍት ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ በኢንተርኔት እንዲታዩ አድርጓል። በዚህ መንገድ ወደ ኮምፒዩተር የተመለሱት መጻሕፍት የተነሡት ከዲስክ ሳይሆን ከወረቀት ነው፤ እንደ ራዊች ጥቅል። እንዲህ የተነሡ ገጾችን ማሽን ሲያነባቸው የፊት ገጽታ አይፈልግም፣ ፊደል ይፈልጋል። ስለዚህ ፎቶግራፋቸው ያልተነሣ ተብለው በገጹ ግርጌ የቀሩት ከባለ ፎቶዎቹ እኩል ይገኛሉ፤ የሚፈልጋቸው ሰው ስማቸውን በዚያን ጊዜ በተጻፈበት መልክ፣ ከነስሕተቱ፣ ከጻፈ።